የኔ ሱፍ አይደለም

“ምንጣፉ ሱፍስ ሱፍ ነው፤ የኔ ሱፍ ግን አይደለም” የሚለው ድምፅ ከመታጠቢያ ቤት ሲመጣ፣ እቴቴ ኩሽና ውስጥ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ ልታሳርፍ ነበር። በኩሽናውና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ የሠራው ሰው ሐሜት ይወድ ነበር መሰለኝ። የምትናገረው የወንድሟ ሚስት ናት። ወንድሟ ጢሙን ይላጫል፤ የቧንቧው ውሃ ይወርዳል። “ጸጉሩ ሻክሯል፤ ቀለሙ ጠቁሯል። ጥጉ ላይ የነበረችው የሻይ እድፍ የለችም። ከጀርባው ተሰፍቶ የነበረው የፋብሪካ ምልክትም የለም። ይሄ ምንጣፍ ታጥቦ አይደለም የመጣው፣ ተለውጦ ነው። አጣቢውን ያመጣችልን ማን ናት? እህትህ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ተቀብላ ያነጠፈችውስ ማን ናት?” እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። “ወይ ምንጣፌ ይመለሳል፣ ወይ እህትህ ሌላ ቤት ትፈልግ። እኔ ከሌባ ጋር አንድ ድስት ውስጥ ማንኪያ አልከትም።” እቴቴ ማንቆርቆሪያውን አየር ላይ እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ፊት ለፊት “እርስዎ” እያለች የምታከብራት ሴት፣ ግድግዳ ሲጋርዳት “ማን ናት” እያለች ስታወርዳት መስማቷ ከሌብነቱ ባልተናነሰ ቆረቆራት። የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ቧንቧው ተዘጋ፤ ምላጩ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንኳኳ፤ ከዚያ ወንድሟ ዝግ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናገረ። ቧንቧው ወዲያው እንደገና ስለተከፈተ ምን እንዳለ አልሰማችም። ሚስትየው ግን መልስ አልሰጠችም፤ ወጥታ በሩን ዘጋችው። አፏን አስያዛት ማለት ነው፣ አለች እቴቴ በሆዷ። ማንቆርቆሪያው ከምድጃው ጋር የተገናኘው ከዚህ በኋላ ነው።

እቴቴን እቴቴ ያላት ወንድሟ ነው፤ አዝላው ስታሳድገው፣ ገና አፉን ሲፈታ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩም፣ ጸሐፊ ሆና ጡረታ የወጣችበት ትምህርት ቤትም፣ የግቢው ዘበኛም እቴቴ ይሏታል። ተከራይታ የኖረችበትን ቤት ባለቤቶቹ ለልጃቸው ሲፈልጉት፣ ወንድሟ ከኩሽናው አጠገብ ያለችውን ክፍል ለቀቀላት። ክፍሏ አልጋና ቁም ሣጥን ይዛ ስታበቃ ለሰው የምታስቀረው ቦታ አንድ ወንበር ነው። ሌላ የምትሄድበት የላትም። ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ናቸው።

ምንጣፉ እዚህ ቤት የገባው እንደ ሙሽራ ነው። ሚስትየው ፋርማሲስት ናት፤ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን አባባል ከመድኃኒት ማዘዣ እስከ ሽንኩርት ድረስ ሳታዳላ ትጠቀምበታለች። ምንጣፉን ስትመርጥ ከተማው ውስጥ ያሉትን ሱቆች አዳርሳለች፤ እቴቴም ቦርሳ ያዥ ሆና አብራ ዞራለች። ፋርማሲስቷ የምንጣፉን ጫፍ ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ቋጠሮ ታያለች፤ ቋጠሮው ከላላ ወደ ቀጣዩ። እጇን አርጥባ ጸጉሩን ታሻለች፤ ቀለም ከለቀቀ ወደ ቀጣዩ። በመጨረሻው ሱቅ ከጫፉ ላይ አንድ ክር ነጥቃ መፀዳጃ ቤት ገባችና በክብሪት አቃጠለችው። እንደ ጸጉር ከከረፋና አመድ ከሆነ ሱፍ ነው፣ እንደ ላስቲክ ከተንጠባጠበ ውሸት ነው፣ አለች፤ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። የሦስት ወር ደሞዟን ሰጥታ ወሰደችው፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ዙሪያውን ጥቁር ሐረግ የተጠለፈበት፣ ከየትኛውም ጫፍ ቢያዩት አንድ ዓይነት መልክ ያለው ምንጣፍ። ከዚያ ሕጉ ወጣ። በጫማ አይረገጥም። የፈሰሰ ነገር በደረቅ ጨርቅ ይጫኑታል እንጂ አያሹትም። በረኪና የሚባል ነገር በአጠገቡ አያልፍም። ብሩሽ በሌለው ቫኪዩም ብቻ ይጠረጋል፤ መጋረጃው ፀሐይ እንዳያፈዘው ግማሹ ይዘጋል። እንግዳ ሻይ ሲጠጣ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ምንጣፉ አላነሳም። ዳቦው ተቆረሰ፤ የቲማቲም ዋጋ መጨመሩ ተነሳ፤ የወንድሟ መሥሪያ ቤት አሳንሰር እንደገና መበላሸቱም ተነሳ። ወንድሟ ኢንሹራንስ ውስጥ የጉዳት ገማች ነው፤ የተጋጨ መኪና እያየ ባለቤቱ የቱን እንደዋሸ ሲገምት ነው የሚውለው። እቴቴ ሻይ ስትቀዳለት ዓይኑን ፈለገች፤ ዓይኑን ብርጭቆው ውስጥ ከቶታል። አፍሮልኝ ነው፣ አለች። ፋርማሲስቷ ስትነሳ ምንጣፉን ላለመርገጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ዞረች፤ ቀድሞ በባዶ እግሯ መሐሉን አቋርጣ፣ ጣቶቿን እያሸች ነበር የምታልፈው። በሩ ላይ ደርሳ “እቴቴ፣ ዛሬ ምንጣፉን ቫኪዩም እንዳያደርጉት” አለች።

“ምነው? አቧራ ይዟል እኮ።”

“እንዳለ ይቆይልኝ ብዬ ነው።”

ፖሊስ እንኳ ቦታው እንዳይነካ ሲል እንዲህ በትሕትና አይናገርም። ወንድሟ ቦርሳውን አንስቶ ሚስቱን ተከትሎ ወጣ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን እቴቴ በሩ አጠገብ ተንበረከከችና ምንጣፉን በመዳፏ ዳበሰችው። እውነትም ሻካራ ነው፤ እጇን ወደ ውስጥ በገፋች ቁጥር ጸጉሩ ይቆምባታል። እውነትም ጠቁሯል፤ ከበሩ ሲያዩት የነበረው ያ እሳት የመሰለ ወይን ጠጅ አሁን የደረቀ ጉበት መስሏል። ጥጉን ገለበጠች፤ ምልክቱ የተሰፋበት ቦታ ላይ የክር ርዝራዥ ብቻ ነው ያለው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፋርማሲስቷን ነገር የአመል አድርጋ ነበር የወሰደችው። አሁን ግን ራሷም ጠረጠረች። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ ማን እንዳስያዘህ ሳታውቅ ታስነጥሳለህ። አጣቢው የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ነው፤ ከዳዴ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቢሆንም ዛሬ ማን ይታመናል? ዝናብ ነው፣ አልደረቀም፣ እያለ ከቀጠሮው ቀን አሳልፎ አልነበር የመለሰው? በዚያ ሁሉ ቀን ምን ሲያደርገው ከረመ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፣ ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ምንጣፍ ማጠቢያው በሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ግቢ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይሸታል። የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰዎች በረጅም መጥረጊያ አረፋ ይገፋሉ። በብረት አግዳሚዎች ላይ የሰው ሁሉ ሳሎን ተሰጥቷል። እቴቴ ማንንም ሳትጠራ በተሰጡት ምንጣፎች መሐል ገባች። ወይን ጠጅ ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ጸጉሩን ትዳብሳለች፤ ጀርባውን ገልጣ ታያለች። አንዱ ጋ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ሐረጉ ግን አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ጋ ስትደርስ አጣቢው ከኋላዋ ቆሞ አገኘችው።

“እቴቴ፣ ምን ጠፋዎት?”

“አይ፣ እንዲያው… ከምንጣፋችን ጀርባ የነበረው ምልክት ተላቆ እዚህ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው” አለች። ሌላውን በሌብነት ጠርጥራ መጥታ ራሷ ስትዋሽ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። አጣቢው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ ከፈተላት፤ ውስጡ በተላቀቁ ምልክቶች ተሞልቷል። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ይበጣጠሳል፤ ዘንድሮ ማንም አጥብቆ አይሰፋም፣ አላት። የእናንተው የትኛው ነው? እቴቴ በጣቷ አመሰቻቸው። ነጩም ቢጫውም፣ የበግ ምስል ያለበትም የሌለበትም አንድ ሆነባት። የእነሱ ምልክት ምን ይመስል እንደነበር አንድም ቀን ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

“የሻይ እድፏስ?” አለች።

“እሷን እንዳወጣ አይደል የላካችሁት?” ቆርቆሮውን ከደነው። ፊቷን ሲያይ ገባው፤ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። “እድፍ ሳላወጣ ብመልሰው ‘ሥራ አይችልም’ እባላለሁ። ባወጣው ደግሞ ለውጠሃል ልባል ነው? ይንገሩኝ እስቲ፣ እናቴ ጋ ተቀምጠው የሚበሉትን ምሳ ያህል እንኳ አታምኑኝም?” “ኧረ እኔ መች ወጣኝ” አለች እቴቴ። አጣቢው በእነሱ በኩል ምንጣፍ እንደሚያደርስ ነገራትና የፒካፑን በር ከፈተላት። ቅሬታውን እንደያዘ ትሕትናውን አልተወም። መንገዱን ሁሉ ሁለቱም ስለ ትራፊክ ብቻ አወሩ። ከኋላ የተጠቀለሉት ምንጣፎች በየጉድጓዱ ይንገጫገጫሉ፤ እቴቴ በመስኮቱ መስታወት እየሰረቀች ታያቸዋለች። ከመካከላቸው አንዱ የእኛ ቢሆንስ? እያለች፣ እንዲህ በማሰቧ ደግሞ እያፈረች ደረሰች። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ከነሱፉ ከነፒካፑ አያትና “እቴቴ ዛሬማ ባለመኪና ሆነዋል!” ብሎ ሳቀ። ሳቀችለት፤ አጣቢውም ጭነቱን ይዞ ሄደ።

ሰማዩ ጠቆር ስላለ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጓሮ ነው፤ የተሰጣው ልብስ እንዳይበሰብስ። አንሶላውን እስከ አገጯ ታቅፋ በጓሮ በረንዳ በር በኩል ወደ ሳሎን ገባች። በዚያ በር ማንም አይገባም፤ ፋርማሲስቷ መጋረጃው እንዳይነካ ስለምትፈልግ ዝግ ነው የሚውለው። እቴቴ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ዓይኗን አነሳች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ምንጣፉ ቦግ ብሏል። ያው ወይን ጠጅ፣ ያው እሳት፣ ከሱቁ የወጣ ለት እንደነበረው። አንሶላውን ሶፋ ላይ ጣለችና ዙሪያውን ይዛ ወደ ዋናው በር ሄደች፤ ዞራ ስታየው የደረቀ ጉበት ሆነ። ተመለሰች፤ በራ። ተንበርክካ ዳበሰችው። ከዚህ ወገን እጇን ስትሰድ ጸጉሩ እንደ ድመት ጀርባ እየለሰለሰ ይተኛል፤ ከዚያ ወገን ሲመጡ ነው የሚቆመው። የምንጣፍ ጸጉር አንድ ወገን ይዞ ነው የሚተኛው። ያን ቀን ከአጣቢው ሠራተኞች ጋር ሲያነጥፉት፣ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የዋናውን በር ጫፍ ወደ ጓሮው በር አድርገው ዘርግተውት ኖሯል። ሌላ ምንም የለም። እቴቴ ምንጣፉ መሐል ቁጭ ብላ ብቻዋን ሳቀች፤ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ምንም ሳይነካ ባልና ሚስቱ እስኪመጡ ይጠብቅ ነበር። እቴቴ ግን አላስቻላትም። ከበሩ ገና ሲገቡ ምንጣፉ እንደ ድሮው ቦግ ብሎ ይቀበላቸው፤ ፋርማሲስቷም ሳትናገር ትፈር፤ እኔም አፌን ሳልከፍት ከነክብሬ ልቀመጥ፣ አለች። ጠረጴዛውን ጎትታ አወጣች። ሶፋውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየገፋች ከምንጣፉ ላይ አወረደችው። የዕቃው ጩኸት ቢሰማት ጎረቤታቸው ነርሷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ “እቴቴ፣ ዕቃ እየቀየራችሁ ነው እንዴ? መጥቼ ላግዝሽ?” አለቻት።

“ኧረ ተይ፣ ለጽዳት ነው! ጨርሻለሁ።”

ምን ብላ ታስገባት? ነርሷ አንድ ጫፍ ብትይዝ ለምን እንደሚዞር መጠየቋ አይቀርም፤ ከተጠየቀ ደግሞ የወንድሟ ቤት እህቱን በሌብነት መጠርጠሩ ሊወጣ ነው። የቤትን ጉድ ጎረቤት ምን አሳወቀው! እና ብቻዋን ጠቀለለችው፣ ብቻዋን በጉልበቷ እየገፋች አዞረችው፣ ብቻዋን ዘረጋችው። ሶፋውን ስትመልስ ወገቧ ቀጭ አለ። ልብሷን ቀየረች፤ ሩዝ ጣደች፤ ከዚያ የበሩን ድምፅ እየጠበቀች ኩሽናው ውስጥ ቆመች።

ፋርማሲስቷ ቀድማ ገባች። ጫማዋን አውልቃ ቀና ስትል ቆመች፤ እቴቴ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ፊቷ ሲፈታ አየች። በባዶ እግሯ ምንጣፉን ረገጠች፤ ጣቶቿን አሸት አሸት አደረገች፤ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። “የኔ ነው” አለች ለባሏ። “የኔው ነው!” ከዚያ ወደ እቴቴ መጥታ አቀፈቻት። አጥብቃ ነው ያቀፈቻት። “እቴቴዬ፣ ተባረኪ” አለቻት። ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎ ብላት፣ ዛሬ ገና አንቺ አለቻት፤ እቴቴም አሁን ቤተሰብ ሆንኩ ብላ እንባዋ መጣ።

“አየሽ? የራስሽው ነው እኮ!” አለች።

“አየሁ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። እኔ ደግሞ ቂም አላውቅም፤ ከወጣልኝ ወጣልኝ ነው። ዘበኛው ከአጣቢው መኪና ስትወርጂ እንዳየሽ፣ ከኋላም ምንጣፍ እንደተጫነ ሲነግረኝ ጊዜ ልቤ አውቆታል። ያንን ልጅ አንድ ቃል አልናገረውም። አንቺንም አልጠይቅሽም፤ ልጁ አታሎሽ ይሆናል፣ ችግር ገጥሞሽም ይሆናል። መልሰሽዋል፤ አለቀ።”

የእቴቴ እጆች ከፋርማሲስቷ ትከሻ ላይ ወረዱ። “ምን መለስኩ? አዞርኩት እንጂ! ጫፉ ተገልብጦ ነው የተነጠፈው፤ ከጓሮው በር በኩል ሆነሽ ብታዪው…” እያለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ስለ ጸጉሩ አተኛኘት፣ ስለ ጓሮው በር፣ ስለ አንሶላው ተረከች። ስትናገር ለራሷም ውሸት ውሸት ይላት ጀመር። ቆርቆሮ ሙሉ ምልክት የት አየችው? ለምንስ ነው አጣቢው ጋ የሄደችው? ሠርቆ እንደሆነ ለማየት ነው ልትል ነው? ፋርማሲስቷ አንገቷን እያወዛወዘች፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት እንደምትሰጥ ሰው በለሰለሰ ድምፅ “እሺ እቴቴዬ፣ አዞርሽው። እሺ” አለቻትና ሶፋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

እቴቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። ኮቱን አውልቆ ከሚስቱ ጎን እየተቀመጠ ነበር።

“አንተ ንገራት። ጠዋትም ነግረሃታል፤ ሰምቻለሁ።”

“ሰማሽ?” አለ ደንገጥ ብሎ። ከዚያ ፊቱ ላይ የእፎይታ ነገር ታየበት፤ ተደብቆ የሠራው መልካም ሥራ እንደታወቀለት ሰው። “እንግዲያማ ምን ልበልሽ። ጊዜ ስጫት ነው ያልኳት። መውጫ በር ከተተወላት ራሷ ትመልሰዋለች፣ እህቴን አውቃታለሁ፣ አልኳት። ይኸው መለስሽው። ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳይነሳ። ሩዙ እየሸተተ ነው፤ ራት አቅርቢልን በቃ።” ሪሞቱን አንስቶ ዜና ከፈተ።

እቴቴ ቀኑን ሙሉ የተደገፈችው ግድግዳ እሱ ነበር። ሚስቱ ብትጠረጥራት የሰው ቤት ልጅ ናት፤ ትጠርጥር። እሱ ግን አምኖ ነበር፤ ጢሙን እየተላጨ፣ ሻይ እየቀዳችለት፣ እህቱ ሌባ መሆኗን አምኖና በዚያው ወዷት። እንዲህ ያለ ፍቅር ከስድብ ይልቅ አቃጠላት።  አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ ዓይናቸው እያየ መልሳ ማዞር። ሁለቱ በተቀመጡበት ሶፋ ሥር ሄዳ ተንበረከከችና የምንጣፉን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች።

“ተነሱልኝ” አለች።

ወንድሟ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ሁለት እግሮቹን ከፍ አደረገ፤ እንድትጠርግ። ሚስቱም ከፍ አደረገች።